ቶርኖውን በስንት ዙር ላሽከርክር? የአንድ ሻፍት ወጪ ስሌት ደረጃ በደረጃ

ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን፣ በተማርኩበት ቤት ሁለት ሰዎች ያጣድፉኝ ነበር። አለቃዬ ከጀርባዬ ቆሞ «ቀስ በል እንጂ፣ ኢንሰርቱን ልትጨርሰው ነው!» ይላል። ባለ ሥራው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «እስካሁን አላለቀም እንዴ?» ይለኛል። አንዱ ማርሽ ያስቀንሰኛል፣ ሌላው ያስጨምረኛል። ሦስታችንም ግን በእጃችን አንድም ቁጥር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀስ ብሎ የሚቆርጥ ቶርኖ የሰውና የማሽን ሰዓት ይበላል። ፈጥኖ የሚቆርጥ ደግሞ ኢንሰርት ይበላል፤ ኢንሰርት ማለት መያዣ ላይ የሚታሰር፣ አንዱ ጠርዝ ሲያልቅ ወደ ሌላው የሚዞር ትንሽ መቁረጫ ነው። በሁለቱ መሀል የአንዱ ዕቃ ወጪ ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ። ልምድ ያለው ሰው በጆሮው ብቻ ወደዚያ ቦታ ይጠጋል። እኔ ግን በአንድ ገጽ ስሌት ማግኘት ይሻላል ባይ ነኝ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ ሰዓት፣ እና ሚሊሜትር የተሰመረበት ማጉያ መነጽር ነው።

ለምሳሌ የምይዘው ሥራ 200 የወፍጮ ሻፍት ነው። ብረቱ ሲ 45 ነው፣ ማለትም 0.45 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው የተለመደ የሻፍት ብረት። ውፍረቱ 50 ሚሊሜትር፣ የሚቆረጠው ርዝመት 300 ሚሊሜትር። ማሽኑ ባለ ማርሽ የድሮ ቶርኖ ነው፤ 630፣ 800፣ 1000፣ 1250 እና 1600 ዙር በደቂቃ አለው። ሞተሩ 5.5 ኪሎዋት። መቁረጫው ካርባይድ ኢንሰርት። የብሩን ቁጥሮች ስሌቱ እንዲታይ ያህል ነው ያስቀመጥኳቸው። እናንተ የራሳችሁን ተኩበት።

ደረጃ 1፦ የማሽኑ አንድ ደቂቃ ስንት ብር ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የወሩን ወጪ ጻፉ። የሠራተኛ ደሞዝ 15,000 ብር። ከቤት ኪራዩ የዚህ ማሽን ድርሻ 12,000። ማሽኑ በ900,000 ተገዝቶ አሥር ዓመት ቢያገለግል በወር 7,500 ይደርሰዋል። መብራት 1,500። ዘይት፣ ቀበቶና ጥገና 3,000። ድምሩ 39,000 ብር።

አሁን በስንት ሰዓት ይካፈል? ወረቀት ላይ 26 ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ 208 ሰዓት ነው። እውነተኛው ግን 208 አይደለም። መብራት ይጠፋል። ብረት ይጠበቃል። ባለ ሥራ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ያስወራል። ማሽኑ እውነት ሥራ ላይ የዋለበትን ሰዓት ለአንድ ወር መዝግቡ። እኔ 130 ሰዓት ብዬ ልያዝ። 39,000 ለ130 ሲካፈል በሰዓት 300 ብር፣ በደቂቃ 5 ብር ነው።

በ208 አካፍላችሁ ቢሆን ኖሮ ደቂቃው 3 ብር ከ12 ሳንቲም ይመጣ ነበር። ከዚያ በዚያ ዋጋ ትዋዋላላችሁ። አንድ ሻፍት 5 ደቂቃ ተኩል ገደማ ስለሚወስድ በእያንዳንዱ ላይ ከ10 ብር በላይ ሳታውቁት ታጣላችሁ። በ200 ሻፍት 2,000 ብር ማለት ነው። ሥራ ሞልቶ ገንዘብ የሚጠፋበት ቤት ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት በስንት ሰዓት እንዳካፈለ ነው።

ደረጃ 2፦ የአንድ ጠርዝ ዋጋ

ኢንሰርቱ 450 ብር ነው እንበል፤ ስድስት ጠርዝ አለው። በስድስት አታካፍሉ። አንዱ ጠርዝ ሁልጊዜ ያለ አገልግሎት ይሄዳል፤ ይሰበራል፣ ወይም ጎረቤቱ ሲሰበር አብሮ ይጎዳል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። እየቆረጠ ሳለ መብራት ሲጠፋ ስፒንድሉ (ብረቱን የሚያሽከረክረው ዘንግ) ይቆማል፣ ጫፉም ብረቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይሸረፋል። ስለዚህ በአምስት አካፍሉ፤ 90 ብር። መያዣው 4,000 ብር ከሆነና 400 ጠርዝ ካስጨረሰ ለእያንዳንዱ ጠርዝ 10 ብር ይደርሰዋል። በድምሩ አንድ ጠርዝ 100 ብር።

ጣልቃ ልግባና፣ መብራት ሲመለስ ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት መቁረጫውን በእጅ አርቁ። ከተቀረቀረበት አስነስታችሁ የተረፈውን ጠርዝም አትጨርሱት።

ደረጃ 3፦ ጥልቀትና ፊድ ቀድመው ይወሰኑ

ፍጥነቱን ለመጨረሻ አቆዩት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጠርዙን ዕድሜ በጣም የሚያሳጥረው ፍጥነት ነው። ፊድ፣ ማለትም መቁረጫው በአንድ ዙር የሚጓዘው ሚሊሜትር፣ ከሱ ያነሰ ይጎዳዋል። ጥልቀት ከሁሉም ያነሰ። ስለዚህ ጊዜ ማሳጠር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ጥልቀቱን፣ ቀጥሎ ፊዱን እስከ አቅማቸው ይገፋል። ብዙ ልጆች ተቃራኒውን ሲያደርጉ አያለሁ፤ ግማሽ ሚሊሜትር እየላጡ ስፒንድሉን ያስጮኹታል።

ከሻፍቱ የሚነሳው በውፍረት 4 ሚሊሜትር ነው። ጥልቀቱ 2 ሚሊሜትር ሆኖ በአንድ ጉዞ ይነሳል። ሁለት ጉዞ ማድረግ ጊዜውን እጥፍ ማድረግ ነው።

ፊዱን የሚገድበው የሚፈለገው ልስላሴ ነው። ሥዕሉ አር-ኤ (የገጹ አማካይ ሻካራነት) 3.2 ማይክሮን ይላል እንበል። መነሻ ስሌቱ ይኸው፦

ሻካራነት = ፊድ × ፊድ ÷ (32 × የኢንሰርቱ ጫፍ ራዲየስ)

ራዲየሱ 0.8 ሲሆንና ፊዱ 0.25 ሲሆን 0.0024 ሚሊሜትር፣ ማለትም 2.4 ማይክሮን ይወጣል። ያልፋል። ፊዱ 0.3 ቢሆን 3.5 ይሆናል። አያልፍም። እውነተኛው ገጽ ደግሞ በንዝረት ምክንያት ከስሌቱ ይብሳል እንጂ አይሻልም። የኔ ማሽን ከ0.25 ቀጥሎ ያለው 0.3 ነው፤ ስለዚህ 0.25 ላይ አቆምኩ። ራዲየሱ 1.2 የሆነ ኢንሰርት ብታገኙ ግን 0.3ም ይፈቀድላችኋል፤ ሻፍቱ ቀጥኖ የሚንቀጠቀጥ ካልሆነ።

የሞተሩን አቅምም እዚሁ ፈትሹ፦

ኪሎዋት = ጥልቀት × ፊድ × የመቁረጥ ፍጥነት × የብረቱ መቋቋም ÷ 60,000 ÷ 0.8

ለሲ 45 መቋቋሙን ወደ 2,100 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር ያዙት። 0.8 ማርሹና ቀበቶው ከሚበሉት የተረፈው ነው። በ1000 ዙር 3.4 ኪሎዋት ይመጣል። በ1600 ዙር 5.5፤ ልክ ሞተሩ አፍንጫ ላይ። እዚህ ላይ የመብራቱን ነገር አትርሱ። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ወደ 19 በመቶ ይወርዳል። ማታ ማታ ማሽኑ «የሚደክመው» በዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ሰዓት ያዙ

ሁለት ጊዜዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ማያያዣ ጊዜ ነው፤ ብረቱን ቻክ (መንከሻው) ላይ ማሰር፣ ሌላውን ጫፍ የሚደግፈውን ቴልስቶክ ማስጠጋት፣ መለካት፣ ማውረድ። አሥር ሻፍት ሠርታችሁ አማካዩን ውሰዱ። የኔ 4 ደቂቃ። ሁለተኛው ጠርዝ መቀየሪያ ጊዜ ነው። ኢንሰርቱን አዙሮ፣ አስሮ፣ ልክ እስኪይዝ። የኔ 3 ደቂቃ።

መቁረጫ ጊዜውን ሰዓት ሳትይዙ ታሰሉታላችሁ፦

ደቂቃ = ርዝመት ÷ (ፊድ × ዙር በደቂቃ)

300 ለ0.25 ሲካፈል 1,200 ዙር ነው። በ1000 ዙር 1.2 ደቂቃ ይወስዳል፣ በ800 ዙር 1.5።

ደረጃ 5፦ የጠርዙን ዕድሜ ፈትኑ

ወደ ዋናው ደረስን። ፍሬድሪክ ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1880 ፊላደልፊያ ውስጥ በሚድቬል ብረት ፋብሪካ የመቁረጥ ሙከራ ጀመረ። ከስድስት ወር በላይ አይፈጅም ብሎ ነበር። 26 ዓመት ፈጀ። ከ360 ቶን በላይ ብረት ተላጠ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1906 መጨረሻ ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። ከዚያ ሁሉ ድካም ዛሬም በየቦታው የሚሠራበት አንድ መስመር ቀመር ወጣ፦

ፍ × ዕ^አ = ቋ

ፍ የመቁረጥ ፍጥነት ነው፣ በሜትር በደቂቃ። ዕ የጠርዙ ዕድሜ በደቂቃ። አ አርቢው ነው፤ መቁረጫው ለፍጥነት ያለውን ስሜት ያሳያል። ቋ ደግሞ ለዚያ ብረት፣ ለዚያ ኢንሰርት፣ ለዚያ ፊድና ጥልቀት ቋሚ የሆነ ቁጥር። ለካርባይድ አ ከ0.2 እስከ 0.3 ይሆናል። ለኤችኤስኤስ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ እየተሳለ ለሚሠራው ሃይ ስፒድ ስቲል መቁረጫ፣ 0.125 አካባቢ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መቁረጫው ፍጥነት አይችልም ማለት ነው።

አ እና ቋን ከካታሎግ መውሰድ ይቻላል። እኔ አልመክርም። የካታሎጉ ማሽን አዲስና የማይነቃነቅ ነው፤ የኛ ቶርኖ ዕድሜው ከባለቤቱ ሊበልጥ ይችላል። ሁለት ሙከራ ይበቃችኋል። በቁራጭ ብረት ላይ ሳይሆን በሚሸጠው ሥራ ላይ አድርጉት።

አዲስ ጠርዝ ይዛችሁ በ1000 ዙር ጀምሩ። በየጥቂት ሻፍቱ ጠርዙን በማጉያ እዩት። ከጠርዙ በታች ጎኑ ላይ የሚያብረቀርቅ የተፋቀ መስመር ይወጣል። ስፋቱ 0.3 ሚሊሜትር ሲደርስ ጠርዙ አልቋል በሉ። አይኤስኦ 3685 የሚባለው መለኪያም ጎኑ እኩል ሲበላ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። እስኪሰበር አትጠብቁ። ከዚያ ከዚያው ፓኮ ሌላ ጠርዝ ይዛችሁ በ1250 ዙር ድገሙት። ሌላ ምንም አትቀይሩ፤ ኩላንቱንም (ማቀዝቀዣ ፈሳሹን)፣ ፊዱንም።

መጀመሪያ ዙሩን ወደ ፍጥነት ቀይሩ፦

ፍ = 3.14 × ውፍረት × ዙር ÷ 1000

1000 ዙር ማለት 157 ሜትር በደቂቃ ነው። 1250 ማለት 196። በምሳሌያችን በ157 ጠርዙ 39 ደቂቃ ቆረጠ፤ 33ኛው ሻፍት አካባቢ አለቀ። በ196 ግን 16 ደቂቃ ብቻ፤ 17ኛው ሻፍት ላይ። ልብ በሉ፤ ፍጥነቱ በሩብ ጨመረ፣ ዕድሜው ከግማሽ በታች ወረደ። ሁለቱም ሙከራ 50 ሻፍት ውስጥ አለቀ። ሥራውም እየተሠራ።

አ = ሎግ(196 ÷ 157) ÷ ሎግ(39 ÷ 16) = 0.25

0.25 ሲሆን ደስ ይላል። ዕ^0.25 ማለት ስኩዌር ሩትን ሁለቴ መጫን ነው። የ16 ስኩዌር ሩት 4፣ የ4 ደግሞ 2። ስለዚህ ቋ = 196 × 2 = 392።

ደረጃ 6፦ አዋጩን ዕድሜና ፍጥነት አስሉ

የአንድ ሻፍት ወጪ ሦስት ቁራጭ ነው። የማያያዣው ወጪ ፍጥነት ምንም አያደርገውም። የመቁረጫ ጊዜው ወጪ ፍጥነት ሲጨምር ይወርዳል። የጠርዙ ወጪ ፍጥነት ሲጨምር ይወጣል። የሦስቱ ድምር ዝቅ የሚልበትን ቦታ ሒሳቡ እንዲህ ይሰጠናል፦

አዋጭ ዕድሜ = (1 ÷ አ − 1) × (መቀየሪያ ደቂቃ + የጠርዝ ዋጋ ÷ የደቂቃ ወጪ)

በቁጥር፦ (4 − 1) × (3 + 100 ÷ 5) = 3 × 23 = 69 ደቂቃ።

የ69 ስኩዌር ሩት 8.31፤ እንደገና 2.88። 392 ለ2.88 ሲካፈል 136 ሜትር በደቂቃ። ወደ ዙር ሲመለስ 866።

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን) ያለው ሰው 866 ጽፎ ይገላገላል። የኛ ማርሽ ግን 866 የሚባል የለውም። 800 ወይስ 1000? ለዚህ ሠንጠረዥ እንሥራ።

ደረጃ 7፦ በማርሻችሁ ልክ ሠንጠረዥ ሥሩ

ለእያንዳንዱ ማርሽ የጠርዙ ዕድሜ (392 ÷ ፍ) አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው። የጠርዝ ወጪው ደግሞ መቁረጫ ጊዜ ÷ ዕድሜ × 115 ብር። 115 የመጣው ከ100 ብር ጠርዝና ከ3 ደቂቃ መቀየሪያ ነው። ማያያዣው በሁሉም 20 ብር ነው።

| ዙር | መቁረጫ ደቂቃ | የጠርዝ ዕድሜ (ደቂቃ) | የመቁረጥ ብር | የጠርዝ ብር | ጠቅላላ ብር |
|---|---|---|---|---|---|
| 630 | 1.90 | 246 | 9.52 | 0.89 | 30.41 |
| 800 | 1.50 | 95 | 7.50 | 1.82 | 29.32 |
| 1000 | 1.20 | 39 | 6.00 | 3.56 | 29.56 |
| 1250 | 0.96 | 16 | 4.80 | 6.95 | 31.75 |
| 1600 | 0.75 | 6 | 3.75 | 14.57 | 38.32 |

ይህን ሠንጠረዥ ኤክሴል ላይ አንዴ ከሠራችሁት ለሚቀጥለው ሥራ አምስት ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። ቴይለር ይህ ምቾት አልነበረውም። አሥራ ሁለት ተለዋዋጭ ነገሮች ነበሩበት፤ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ያንን በጭንቅላቱ ሊያሰላ አይችልም። ስለዚህ ካርል ባርት የሚባል ባልደረባው ለየማሽኑ የሚሆን የስሌት ማስመሪያ ሠራለት።

አሁን ሠንጠረዡን እንደ ነጋዴ እናንብበው።

ወጪው ዝቅ የሚልበት ቦታ ለጥ ያለ ነው። በ800 እና በ1000 መሀል ያለው ልዩነት 24 ሳንቲም ነው። ለዚህ ማንም አይጣላም። ወደ ከፍተኛው ዙር ስትሄዱ ግን ገደል ነው። ከ800 አንድ ማርሽ ወደ ታች ብትሳሳቱ 1 ብር ገደማ ታጣላችሁ። በተቃራኒው ሦስት ማርሽ ጨምራችሁ ወደ 1600 ብትሄዱ 9 ብር። ስለዚህ ቁጥራችሁን በደንብ ካላመናችሁት ወደ ዝግታው አጋድሉ። አለቃዬ ልክ ነበረ ማለት ነው፤ ምክንያቱን ባያውቀውም።

ደግሞ 1600ን እዩት። ይፈጥናል ብለን ነው የምንጭነው አይደል? የአንድ ሻፍት ሙሉ ጊዜ፣ ማያያዣውንና የጠርዝ መቀየሪያውን ጨምሮ፣ በ1250 ዙር 5.14 ደቂቃ ነው። በ1600 ዙር 5.13። በ200 ሻፍት ሁለት ደቂቃ ብቻ ተረፈ። ለሁለቷ ደቂቃ የከፈላችሁት 1,314 ብር ነው። ጫጫታው ብቻ ነው የጨመረው፤ ያተረፋችሁትን ደቂቃ ኢንሰርት በማዞር ትመልሱታላችሁ።

የጊዜው ጣሪያ የት እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ፣ ከላይ ካለው ቀመር የጠርዙን ዋጋ አውጡት። 3 × 3 = 9 ደቂቃ ዕድሜ፣ 226 ሜትር በደቂቃ፣ 1,440 ዙር። ከዚያ በላይ መሄድ በገንዘብም በጊዜም ኪሳራ ነው። ከ866 እስከ 1,440 ባለው መሀል ግን ምክንያት ኖሯችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ።

ደረጃ 8፦ ምረጡ

የኔ ደንብ እንዲህ ነው። ወረፋ ከሌለ 800። ሠራተኛው ደሞዙን እንደሆነ ይወስዳል፣ ኪራዩም ይከፈላል፤ የተረፈው ደቂቃ ሌላ ሥራ ካላመጣ ገንዘብ አይደለም። እንዲያውም ገበያው ሲቀዘቅዝ የደቂቃው ወጪ በእውነት ከ5 ብር ያነሰ ነው፤ ቀመሩም ወደ ዝግታ ይገፋችኋል። በር ላይ ሰው ከተሰለፈ ደግሞ 1000። ያኔ ደቂቃዋ 5 ብር ሳትሆን የሚያመልጣችሁ ሥራ ዋጋ ናት። 1250ን የምነካው ባለ ሥራው ለፍጥነት ሲጨምርልኝ ብቻ ነው።

ከማርሹ ይልቅ ሃያዋን ብር እዩ

ሠንጠረዡ ውስጥ ትልቁ ቁጥር የቱ ነው? 29 ብር ከ32 ሳንቲም ውስጥ 20 ብሩ ማያያዣ ነው። ማሽኑ ቺፕ (የተላጠ ብረት) በማያወጣበት ጊዜ የሚሄድ ገንዘብ። እኛ ግን የምንጨቃጨቀው በፍጥነት ላይ ነው።

ማያያዣውን ከ4 ደቂቃ ወደ 3 ብታወርዱት በሻፍት 5 ብር ይተርፋል። በ200 ሻፍት 1,000 ብር። ከ630 ወደ 800 በመቀየር የምታገኙት 1 ብር ከ9 ሳንቲም መሆኑን አስታውሱ። እንዴት ይወርዳል? ብረቶቹን ሁሉ አስቀድማችሁ እኩል ቁረጡ። የጫፍ ሥራውን ለ200ውም በአንድ ጊዜ ጨርሱ። ቻኩ ውስጥ ማስቆሚያ አድርጉ፤ ርዝመቱን በየጊዜው አትለኩም። ካሊፐር ከማውጣት ይልቅ አልፎ የሚገባና የማይገባ ሁለት ቀለበት ሥሩ። የቻኩ ቁልፍ ደግሞ ቦታ ይኑረው። ስንት ደቂቃ ቁልፍ ፍለጋ ላይ እንደሚጠፋ ብነግራችሁ ታፍራላችሁ። እኔ አፍሬያለሁ።

የኢንሰርት ዋጋ ሲቀየር

ኢንሰርት የሚገዛው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። እንዲህ ሲሆን ዋጋ መጨመር ብቻ ሳይሆን ማርሹንም እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

በምሳሌያችን ጠርዙ ከ100 ወደ 200 ብር ቢያድግና የደቂቃው ወጪ ባለበት ቢቆይ፣ አዋጩ ዕድሜ 3 × (3 + 40) = 129 ደቂቃ ይሆናል። ፍጥነቱ 116 ሜትር፣ ዙሩ 740። ከ866 ወርዷል፤ 1000ን ለወረፋ ቀን እንኳ አስባችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ደሞዝና ኪራይም አብሮ እጥፍ ካደገ ግን ምንም አይቀየርም። ቀመሩ የሚያየው የጠርዙን ዋጋ ለደቂቃው ወጪ ሲካፈል ነው። የመርካቶን ዋጋ ስትሰሙ ይህችን ክፍልፋይ ብቻ አስቡ።

በኤችኤስኤስ ለምትሠሩ

ስሌቱ ያው ነው። የጠርዝ ዋጋው ቦታ ላይ የመሳያውን ወጪ አስገቡ፤ ድንጋይ ላይ የቆማችሁበት ደቂቃ ሲባዛ በደቂቃ ወጪው፣ ሲደመር በየመሳያው የሚያጥረው የመቁረጫ ቁራጭ ዋጋ። አ 0.125 ከሆነ በ3 ፋንታ በ7 ታባዛላችሁ። ከፍጥነት ጋር የሚደረግ ጨዋታ እዚህ በጣም ጠባብ ነው፤ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይወርዳል።

ቀመሩ የማይሠራበት ቦታ

በጣም ዝቅ ባለ ፍጥነት የላጣችሁት ብረት ጠርዙ ላይ ይጣበቃል። ሲነቀል የካርባይዱን ቅንጣት ይዞ ይሄዳል፣ ገጹም ይሻክራል። እዚያ የቴይለር መስመር ይሰበራል፤ ዝግታ ዕድሜ አይጨምርም። ቁልፍ ማስገቢያ ያለው ሻፍት ወይም ከውጭ ቅርፊት ያለው ብረት ስትቆርጡም ጠርዙ በመበላት ሳይሆን በመሸረፍ ይሞታል። ለነዚህ ለየብቻ ፈትኑ፤ የንጹሑን ብረት ቁጥር ወደ ባለ ቅርፊቱ አትውሰዱ። ፊዱን ወይም ጥልቀቱን ከቀየራችሁም ቋ ሌላ ነው፣ ሁለቱ ሙከራ ይደገማል።

ጠርዙን መቼ ማዞር?

95 ደቂቃ ሲባል አማካይ ነው። አንዱ 110 ይሄዳል፣ ሌላው 80 ላይ ይወድቃል። ሲወድቅ ሻፍቱን ይዞ ነው የሚወድቀው። አንዱ ሻፍት 4.6 ኪሎ ብረት መሆኑን አስቡ። ለአንድ ጠርዝ ስስት ብላችሁ 4.6 ኪሎ ሲ 45 አትጣሉ።

በ800 ዙር 95 ለ1.5 ሲካፈል 63 ሻፍት ይሆናል። ከሱ 80 በመቶውን እወስዳለሁ፤ 50 ሻፍት። ይህ ጥንቃቄ በሻፍት 48 ሳንቲም ይጨምራል፤ ዋጋ ስሰጥ እደምረዋለሁ። ለ200 ሻፍት አራት ጠርዝ፣ ማለትም አንድ ኢንሰርት ይበቃል። በ1250 ዙር ብሠራው ደግሞ በየ13 ሻፍቱ እያዞርኩ ከሦስት ኢንሰርት በላይ እጨርስ ነበር።

ከማሽኑ በላይ ትንሽ ሰሌዳ አለችኝ። በጠመኔ «ሲ 45፣ 800፣ 0.25፣ በ50 አዙር» ተጽፎባታል። ልጁ ከእያንዳንዱ ሻፍት በኋላ አንድ ጭረት ያደርጋል። አምሳ ሲሞላ ጠርዙን ያዞርና ሰሌዳውን ያጠፋል። ጠርዙ ገና ደህና ቢመስለውም።